የጉም ቤተ መንግሥት ድምፆች

ሁለቱ እህትማማቾች ሥራቸው ከውጭ ለሚመጡ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ መስጠት ነበር። ታላቂቱ፣ እናታቸው ካረፈች ጀምሮ፣ ታናሿን እንደ እናትም እንደ አባትም ሆና አሳድጋለች። ታናሿ ዛሬም "እትዬ" ነው የምትላት።

ያን ሰሞን የያዙት ድራማ በጉም ላይ ስለተሠራ ቤተ መንግሥት ነበር። እዚያ አገር ንግሥቲቱ ስትተኛ ወንዙ ሳይቀር ይተኛል፤ ስትነቃ ወፎቹ ካቆሙበት ዜማ ይቀጥላሉ። እትዬ የንግሥቲቱ ድምፅ ነበረች፤ ታናሿ ደግሞ ዙፋኑን ለምትመኘው ለንግሥቲቱ ታናሽ እህት፣ ለልዕልቲቱ፣ ድምፅ ትሰጣለች። በሦስተኛው ምዕራፍ ሁሉም ለዙፋኑ ተነሣ። የጦር አዛዡ ከዳ፣ ጠንቋዩ ለሁለቱም ወገን ማለ፣ ታናሺቱ ልዕልት ከወንዙ ሥር የውሃ ሠራዊት አስነሣች።

በዚያው ሳምንት ታናሿ ለብቻዋ የምትኖርበት ክፍል ማግኘቷን ለእህቷ ነገረቻት። እትዬ ሰሃን እያጠበች ነበር፤ ዞር እንኳ አላለችም።

"እኔ በሕይወት እያለሁ የትም አትሄጂም" አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ተኮራረፉ። የሚነጋገሩት ስቱዲዮ ብቻ ሆነ። ግድግዳው ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ ለብሷል፤ መብራቱ ደብዘዝ ሲል ከስክሪኑ የሚፈልቀው ጉም ክፍሉን የሞላው፣ እግራቸውም መሬት የለቀቀ ይመስላቸዋል። እዚያ ሆነው፣ በንግሥትና በልዕልት አፍ፣ ቤት ውስጥ ያፈኑትን ሁሉ ተባባሉ። አዘጋጁ ምኑንም ስላላወቀ፣ ዘንድሮስ ነፍስ ዘራችሁበት እያለ ያመሰግናቸው ነበር። እነሱ መሬት መሬት ያያሉ።

የምዕራፉ የመጨረሻ ክፍል ደረሰ። የውሃው ሠራዊት በሩን አልፎ ገብቷል፤ ጠባቂዎቹ ቆመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ንግሥቲቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልዕልቲቱ ጉሙን በእጇ እየገለጠች ቀረበች። ጽሑፉ "ዙፋኑን ልቀቂ፣ ዘመንሽ አልፏል" ይላል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ ታናሿ ያለችው ግን ሌላ ነበር።

"እትዬ፣ ልቀቂኝ።"

ስክሪኑ ላይ የንግሥቲቱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ድምፅ ቀራጩ ቀረጻውን ሊያቋርጥ እጁን ሲያነሣ አዘጋጁ ያዘው። እትዬ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ አወረደችው።

"ባዶውን ቤት ፈርቼ ነው" አለች፤ በንግሥት ድምፅ አልነበረም።

ታናሿ ጠጋ ብላ እጇን ያዘቻት። ስክሪኑ ላይ ንግሥቲቱና ልዕልቲቱ ያለ ድምፅ መፋለማቸውን ቀጠሉ፤ የሚያያቸው አልነበረም።

አዘጋጁ ያንን ንግግር እንዳለ ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ ግን ከተዋናዮቹ ከንፈር ጋር አልገጠመም። ውሃ ጠጥተው፣ ፊታቸውን ጠርገው፣ እንደ ጽሑፉ ደገሙት። ሕዝቡ ያየው ያንን ነው።

ታናሿ ዕቃዋን ስታወጣ እትዬ አብራት ሄደች። ቁልፉ ደካማ ነው፣ መስኮቱ ፀሐይ አይገባውም፣ አከራይዋም ነገረኛ ትመስላለች እያለች የክፍሉን እንከን አንድ በአንድ አወጣላት፤ መጋረጃውን ግን ራሷ ሰቀለችው። ስትመለስ ቤቱ ሰፍቶ ጠበቃት። ፈርታው የኖረችው ባዶነት ያን ያህል ክፉ አልነበረም፤ እንደ ረጋ ውሃ ዝም ያለ ነበር። ሶፋው ላይ ጋደም አለች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜም በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰዳት።

በአራተኛው ምዕራፍ ንግሥቲቱ ተሰድዳ በወንዝ ዳር ትንከራተታለች፤ ንግግሯ አንሷል። እትዬ በትርፉ ጊዜዋ በአንድ የልጆች ፊልም ለምታወራ ፍየል ድምፅ ትሰጣለች፤ ከንግሥትነቱ ይሻላል፣ ማንም አይገለብጠኝም ትላለች። ዙፋኑ ላይ የወጣችው ታናሿ ግን ረጃጅሙን አዋጅ ማንበብ ከብዷት፣ የት ላይ ልተንፍስ ብላ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንዳንዴ አንዲትም ስሕተት ሳትሰማ "እስቲ ድገሚው" ትላታለች።