ቀድሞ የደረሰ መሐረብ

ልብስ ሰፊዋ የተከታታይ ፊልሙን የመጨረሻ ክፍል ቀድማ አየችው፤ አይታም ዋሸች። ነገሩ የተበላሸው በዚህ ነው።

ፊልሙ የእሷም አገር ፊልም አይደለም፣ በስፌት ቤቱ ልብስ በካውያ የምትተኩሰው የተኳሿም አይደለም። ተኳሿ ከሌላ አገር የመጣች፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። ቋንቋውን የምትናገረው ጠባብ ጫማ እንዳደረገ ሰው እያነከሰች ስለነበር፣ በስፌት ቤቱ ውስጥ ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ አልነበራቸውም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰፊዋ ስልኳን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፋ የሩቅ አገር ተከታታይ ፊልም ከፈተች። ክፉዋ አማት ብቅ ስትል ሁለቱም እኩል «ኤጭ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ተኳሿ አማት፣ ሰፊዋ ምራት ሆነው ቀሩ።

«አማቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊመርዙ ነው?»

«አንቺን! ሻይሽን ጠጪና ታያለሽ።»

አንዷ ያለ ሌላዋ ላታይ ተማማሉ። ተኳሿ ልጇ ወዳለችበት ከተማ ጠቅልላ ልትሄድ ስትነሳ፣ የመጨረሻውን ክፍል ለስንብቷ ቀን አቆዩት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ሰፊዋ ግን ያፈሰሰችውን እንኳ አልለቀመችም። በዋዜማው ከእህቷ ጋር ሶፋ ላይ ተጋድማ ጨረሰችው። «ነገ እንዳላየ ሰው ሆኜ አየዋለሁ፤ ማን ያውቃል?» አለች።

በማግስቱ ካውያው ተነቅሎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። በፊልሙ ውስጥ ሰርግ ነው። አማትየዋ ትጨፍራለች፣ ተኳሿ ትስቃለች። የሚመጣውን የምታውቀው ሰፊዋ አንጀቷ አልችል አላት፤ መሐረቧን አውጥታ ተኳሿ ጉልበት ላይ አኖረችላት።

ተኳሿ መሐረቡን አየች። ሰርገኞቹን አየች። ሳቋ ቀጥ አለ።

«አይተሽዋል።»

«ኧረ በጭራሽ! ላብዎትን እንዲጠርጉ ብዬ ነው።»

ወዲያው አማትየዋ ከጭፈራው መሐል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሰፊዋ ለመደንገጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ከማን ጋር አየሽው?»

«ከእህቴ ጋር» አለች፣ መሸሻ ስታጣ። «ይቅርታ፣ አማቴ።»

«ልጄ መጨረሻውን ልትነግረኝ ስትል ስልክ ዘጋሁባት። ከምራቴ ጋር ነው የማየው ብዬ።»

ሰፊዋ ገና «አይተሽዋል» ስትባል «አዎ» ብትል ኖሮ፣ ተኳሿ ጆሮዋን ቆንጥጣ ትስቅባት ነበር። ሰፊዋን እስከ ዛሬ የሚቆጫት ይሄ ነው፤ ማየቷ ሳይሆን ላብ ማለቷ።

ተኳሿ በልማዷ መሐረቡን ጠርዝ ለጠርዝ አጠፈችው፣ በመዳፏ ተጫነችው፣ መኪናው ላይ አኖረችው። ቦርሳዋን አነሳች። ሰፊዋ «ትንሽ ይቆዩ፣ አማትና ምራቷ ይቅር የሚባባሉት አሁን ነው» ልትላት አማራት። ግን ይህም ቀድሞ መንገር ሆነባትና አፏን ያዘች።

«ጨርሺው» አለች ተኳሿ። «አንቺ መቼም ታውቂዋለሽ።»

ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።