አይሰበስብም የተባለው ዓይን

«የልጅቷ ዓይን አይሰበስብም፣ አጥርቶ አያይም አሉ።»

እትዬ ይህን የሚሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ዝቅ ያለው ድምፃቸው ግን ከፎቶ ቤቱ አልፎ ጎረቤት ልብስ ሰፊው ድረስ ይሰማል። «ማን አለ?» ሲባሉ «እኔ አላልኩም፤ ሰው ነው» ይላሉ። ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ለሙሽሮች ነገሩ፣ ለዳቦ ጋጋሪው ነገሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሁሉ ሌንሱን ማየት ትቶ የልጅቷን ዓይን ማየት ጀመረ።

ልጅቷን ሰፈሩ «እሳቷ» ይላታል። አጎቷ ፎቶ ቤት ገብታ፣ የተበላሸ ፊልም እያጠበች፣ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ከሥዕሉ እየገመተች ሙያውን ለብቻዋ የነጠቀች ናት። አጎቷ እጃቸው ሲደክም ማንሣቱን ለእሷ ተዉላት፤ ሚስታቸው እትዬ ከባንኮኒው አልተነሡም። ካሜራውን መጠገን ግን የአጎቷ ክብር ነበርና ካቻቢቴያቸውን ማንም አይነካም።

ያ አሮጌ ካሜራ ርቀት የሚለካው በመመልከቻው መሃል ባለች ቢጫ መስኮት ነው። በእሷ ውስጥ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩት ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ተደርበው አንድ ሲሆኑ ፎቶው ጠራ ማለት ነው። አጎቷ ካሜራውን ፈተው ከገጠሙት ወዲህ ግን ሁለቱን አንድ አድርጋ ያነሣችው ሰው ሁሉ ፊቱ ጭጋግ፣ ከኋላው ያለው መጋረጃ ምላጭ ሆነ።

«ጋሼ፣ ካሜራው ነው የሚዋሸው።»

«የመስኮቷን ብሎን በገዛ እጄ ነው ያጠበቅኩት! ያንን አምፖል በመስኮቷ እያየሁ፣ ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ድረስ። ስንቱን ካሜራ ከሞት ያስነሣሁ ሰው ነኝ እኮ።»

«ይሄኛው አልተነሣም።»

«ዓይንሽ እንደ ምላስሽ ቢስል ምን ነበረበት!» አሉ እትዬ። «በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወንድሜ ያነሣል። አንቺ መቀስ ይዘሽ የፎቶ ጠርዝ ትቆርጫለሽ።»

ደሟ ፈላ። ማንም ሳይሰጣት በራሷ ጥረት ያገኘችው አንድ ነገር ቢኖር ከዚያ ካሜራ ጀርባ መቆም ነው። እሱንም፣ ባልሠራችው ጥፋት፣ ፊልም በየት በኩል እንደሚገባ ለማያውቅ ሰው!

«አንድ ፎቶ ላንሣ» አለች። «ካልጠራ መቀሱን ራሴ እወስዳለሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ቀለበቱ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር እንደማይዋሽ አስቀድማ ደርሳበታለች፤ የሚዋሸው መስኮቱ ብቻ ነው። ከልብስ ሰፊው ወፍራም ክር ለምና፣ በሜትር እየለካች ቋጠረችው፤ ጫፉን ከሌንሱ ሥር አሠረች።

«ቋጠሮውን ጉንጭዎ ላይ ይያዙልኝ።»

«እንደ ፍየል ልታስሪኝ ነው?»

«ፍየልስ ስትታሰር እንዲህ አታወራም። ቀና ይበሉ።»

ቀለበቱን በቋጠሮው ልክ አዞረች፣ ክሩን አስለቀቀቻቸው፣ አነሣች።

ፎቶው ከጨለማ ክፍሉ እርጥብ እንዳለ ወጣ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የሹራባቸው ክር ይቆጠራል፤ አገጫቸው ላይም ሦስት ፀጉሮች እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ይሄ የማን ጢም ነው?» አሉ እትዬ።

«የራስዎ ነው እትዬ።»

«ውሸት! ዓይኗ አይሰበስብም ስል እኮ! ይኸው የሌለኝን አበቀለችብኝ! በቁሜ ገደለችኝ!»

እሳቷ ወደ አጎቷ ዞረች። የፎቶ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ይፈርዳሉ። አጎቷ ፎቶውን አቀረቡ፣ አራቁ፣ ወደ አምፖሉ አዘነበሉት።

«ደብዛዛ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መስመሩ ሁሉ ድርብርብ ነው።»

«ደብዛዛ? ጋሼ፣ ይሄ ደብዛዛ ነው? የሚስትዎን ጢም ፈርተው እኮ ነው!»

አጎቷ ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ይሄ ፍርድ ከእትዬ ወሬ የበለጠ አንጀቷን አሳረረው። ወሬኛስ ወሬኛ ነው፤ አውቆ የሚክድ ባለሙያ ግን ምን ይባላል? ለትዳሩ ሰላም ብሎ ሸጠኝ አለች በልቧ። ክሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

«መቀሱን ለወንድምዎ ይስጡት፤ ጢምዎን ይከርክምበት» ብላ በሩን ድርግም አድርጋው ወጣች።

የእትዬም ወንድም ያነሣው ሁሉ ጭጋግ ሆነ። ደንበኛው ሸሸ፣ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፤ ካሜራውንም አንድ ምግብ ቤት ለመደርደሪያ ጌጥ ገዛው። እሳቷ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ መስኮት የሚባል ነገር በሌለው ርካሽ ካሜራ፣ በዚያው በክሯ ሥራ ጀመረች። ሰዉ ቋጠሮውን ጉንጩ ላይ ይዞ ይስቃል፤ ፎቶው ይጠራል። እትዬ ግን ዛሬም ያንኑ ይላሉ አሉ።

አንድ ቀን አጎቷ ቀኝ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ገቡ። ሳይታዘዙ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ቋጠሮውን ያዙ። እሷም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልትል ነበር፤ ፋሻውን አይታ ዋጠችው።

«የዓይን ሞራ ነው አሉኝ፤ ገፈፉልኝ» አሉ አጎቷ። «ያኔ ብሎኑን ሳጠብቅ፣ ልጄ… ካሜራውን ገና ሳላነሣው፣ በባዶ ዓይኔ፣ አምፖሉ ሁለት ነበር።»