የፈድሊያ ማዞር

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቡናው መጋዘን ተከፈተ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አጥብቀው በየጠረጴዛው ተቀመጡና ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከንጹሑ ይለዩ ጀመር። እኔም የጥራት መዝገቡን ይዤ በመካከላቸው እመላለሳለሁ። ሰኔ 1975 ነው፤ ረመዳን ገብቷል። ከለቃሚዎቹ አንዷ ፈድሊያ የለቀመችውን በእንቅብ ሞልታ፣ እንደ ሁሉም በአናቷ ተሸክማ ወደ ሚዛኑ ስትሄድ ወደቀች። በዚያ ሳምንት ስትወድቅ ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለቻት አጠገቧ የምትለቅመው ዘይቡ፣ ደግፋ እያስቀመጠቻት።

«ቤቱ ዞረብኝ።»

«ጾሙ ነው» አለች ዘይቡ።

«ምን ጾም፣ እርጉዝ ናት እንጂ» አለች አበራሽ።

«ባሌ ወደ ጎሬ ከሄደ ስምንት ወሩ» አለች ፈድሊያ።

«እንግዲያ ሲዞር የከረመው እሱ ነው፣ አንቺ ምን አዞረሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ተቆጣጣሪው እሱባለው ግን አልሳቀም። «አንዴ ደግማ ከወደቀች ትሰናበታለች» አለኝ።

ፈድሊያ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ መላ አይጠፋም ብዬ አሰብሁ። ከሥራ ወጥቼ ቤት ስገባ የባለቤቴን የሕክምና መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድሁ፤ ባለቤቴን ካጣሁበት ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ የነካው አልነበረም። ደም ማነስ፣ የጆሮ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የአንገት አጥንት፤ ማዞር ይህን ያህል መነሻ እንዳለው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ቀይ ነው፣ ደም አላነሳትም። ጆሮዋ አይጮኽም።

«ካፈጠርሽ በኋላስ?» አልኋት።

«በልቼም ይዞረኛል።»

«መቼ ይብስብሻል?»

«ብዙ አቀርቅሬ ለቅሜ ቀና ስል። እንቅቡን ስሸከምም። ዋላሂ፣ አንገቴ እንደ እንጨት ይደርቃል።»

ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን መነሻውን ያገኘሁት መስሎኝ ደስ አለኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ግፊቷን ለካ፣ ጆሮዋን አየ፣ ራጅ አስነሳት። የአንገቷ አጥንት ዕድሜዋን ቀድሞ አርጅቷል።

«ማዞር ሁሉ ከአንገት አይመጣም» አለ። «ሌላውን ፈልገን ስናጣ ነው አንገትን የምንጠረጥረው።» ለመሥሪያ ቤቱም ጻፈልን፦ ለረጅም ጊዜ አታቀርቅር፣ በአናቷ አትሸከም።

ወረቀቱን ለእሱባለው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሚዛኑን ወደ ጠረጴዛው የሚያስጠጋላት፣ በየመካከሉም የሚያሳርፋት መስሎኝ ነበር። ሁለቴ አነበበው።

«ጓድ ጥሩአየሁ፣ ሳያቀረቅሩ ቡና ይለቀማል?»

ወረቀቱን አጥፎ እዚያው ከጻፈው የስንብት ደብዳቤዋ ጋር አያያዘው።

ፈድሊያ ለሦስተኛ ጊዜ አልወደቀችም። በጠረጴዛዋ ዛሬ አምስት ሴቶች ይለቅማሉ፤ ስድስተኛዋ የለችም።