በመርዕድ ስም

ለንደን ውስጥ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ነበር። የሱቁ ባለቤት ባንኮኒው ላይ ወፍራም ደብተር ያስቀምጣል። የሚያስፈራ ልብ ወለድ ያነበበ፣ ጨዋ ሰው አየሁ የማይለውን የቴሌቪዥን ድራማ ያየ፣ ዳይስ እየጣሉ ሌላ ሰው ሆነው የሚጫወቱትን ጨዋታ የሞከረ ደንበኛ ምክሩን ለሌላው ይጽፍበታል። መርዕድ አንድ ቀን ለቀልድ ያህል በአማርኛ ጻፈ። በሳምንቱ እንግዳወርቅ የሚባል ሰው በአማርኛ መለሰለት። የአንዱ የዕረፍት ቀን ማክሰኞ፣ የሌላው ቅዳሜ ነበርና ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጻጻፉ ዐይን ለዐይን አልተያዩም።

መርዕድ በ1995 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ አረፈ። ከአርባው በኋላ ሚስቱ ብፅዓት መጻሕፍቱን ለሱቁ ልትሰጥ ከአርችዌይ በአውቶቡስ መጣች። ደብተሩን ገልጣ የእንግዳወርቅን የመጨረሻ ጽሑፍ አነበበች።

«አንተ መርዕድ፣ ጠፋህሳ፤ ሞትክ እንዴ? ያ ቄሱ ሬሳ የሚሰርቅበት ድራማ እንዴት አለቀ? የኔዋ እመቤት ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ቴሌቪዥኑን ነቅላ ጓዳ ቆልፋበታለች።»

መርዶውን መንገር እንዳለባት ታውቃለች። ብዕር አነሳች። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብላ ጻፈች፣ የባሏን ዝርክርክ ፊደል አስመስላ። አማርኛውም አገዛት፤ «እኔ» ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅበትም።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ መምጣት ሆነ ሥራዋ። መርዕድ በሕይወት ሳለ ጀርባዋን ትሰጠው የነበረውን ድራማ ለመልስ ስትል እስከ መጨረሻው አየችው። መርዕድ ይወደው የነበረውን የዳይስ ጨዋታ ሕግም እንደ ዩኒቨርሲቲ ፈተና አጠናችው።

«የመከርከኝ መጽሐፍ ጥርስ የለውም። አርጅተሃል» ይላል እንግዳወርቅ።

«አንተ መብራት ሳታበራ ሽንት ቤት መሄድ ስትጀምር እንነጋገራለን» ትላለች እሷ።

በዚያ ደብተር ላይ መርዕድ አሁንም «አንተ» ይባላል። ሌላው ቦታ ሁሉ «ነበር» ሆኗል።

ጥቅምት ላይ እንግዳወርቅ፣ በጨዋታው ውስጥ ምን ዓይነት ሰው ሆነህ ነው የምትጫወተው ሲል ጠየቀ። ብፅዓት መልሱን ከመርዕድ ማስታወሻ ታውቀው ስለነበር ፈጠን ብላ ጻፈች። «መቃብር ጠባቂ ነው። ስሙን ያወጣለት መርዕድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣»

እጇ ቆመ። የሞተ ሰው ስም ሲነሣ አብሮ የሚመጣውን ቃል፣ ሰባት ወር ስትለው የከረመችውን፣ እጇ ሳያማክራት ጽፎታል። ልትሰርዘው ብዕሩን አስጠጋች። «ነፍሱን ይማረው» ላይ መስመር ማስመር ግን አልሆነላትም። እንዳለ ትታው ወጣች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መልሱ ጠበቃት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እርስዎ እንደሆኑ አላውቅም፤ እባክዎን አይንገሩኝ። ቀጥሎ ምን ልይ?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። መልካም ጽሑፍ ነበር፤ ጨዋ። «አንተ» የሚል ቃል ግን አልነበረበትም።

ብዕር አነሳች። ከዚያ ከሥሩ፣ በራሷ ፊደል፣ ረቡዕ የሚጀምረውን አዲስ ድራማ ስም ጻፈችለት። «ብቻዎን አይዩት» ብላ ጨመረችና ፈረመች፤ ብፅዓት።