ማን አመጣው?

ሐኪሟ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ የተጠቀለለች ጥጥ ይዛ ብልቴን ዙሪያውን ቀስ እያለች ነካካችው።

"እዚህስ?"

"ደህና ነው።"

"እዚህስ?"

መግቢያው ላይ ስትደርስ የጋለ ካውያ ያሳረፈችብኝ መሰለኝ፤ ከአልጋው ዘልዬ ልወርድ ምንም አልቀረኝም። በጥጥ ነው እንግዲህ፣ ያውም በደረቅ ጥጥ።

"ኢንፌክሽን የለብሽም" አለችኝ ጓንቷን እያወለቀች።

"ዛሬ ነው የሌለብኝ?"

ካርዴን ገለጠች። "የዛሬ ሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ የፈንገስ ኢንፌክሽን ነበረብሽ፤ ታክመሽ ድነሻል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሦስቱም ውጤቶች ንጹሕ ናቸው። ማንም አልነገረሽም?"

ማን ይንገረኝ? ናሙና ሰጥቼ ውጤቱን ሳልጠብቅ ወደ ፋርማሲ የምሮጠው እኔው ነኝ።

የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እተኩሳለሁ። በእኛ ሥራ፣ እድፍ ወጥቶ እንደገና ከታየ ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን አቆሸሸው? ማቃጠሉ ሄደ ስል በወሩ ሲመለስ፣ መቀመጥ ሲያቅተኝ፣ ወገቤ ለሁለት የተሰበረ ይመስል ሲያንገበግበኝ፣ እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። አጣቢዋ ባልደረባዬ ደግሞ "ባልሽ አገር አቋራጭ ሹፌር አይደል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለችኝ። እሷ እስክትነግረኝ መቼ ጠበቅሁ።

ከዚያማ ቤቴ ፍርድ ቤት ሆነ። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ኪሱን እፈትሻለሁ፣ ሸሚዙን አሸታለሁ። ለራሴ የገዛሁትን ኪኒን ለእሱም አስውጠዋለሁ፤ ውጦ ዝም ይላል። ዝምታው ይብስ አናደደኝ። ከአራት ወር በፊት ልጃችን ትምህርት ቤት እያለች ፊት ለፊቱ ቆሜ "ከሌላ ሴት ጋር ሄደሃል አልሄድክም?" አልኩት። ወለሉን እያየ "አዎ፣ አንዴ ተሳስቻለሁ" አለ። ልብሱን ወርውሬ አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ የሚያድረው እህቱ ቤት ነው። የፍቺውን ወረቀት ለመፈረም ለነገ ተቀጣጥረናል።

"ታዲያ ማን አመጣብኝ?" አልኳት ሐኪሟን።

"ማንም። ያኔ የነበረብሽ ፈንገስ ከባል የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ እሱም ሄዷል፤ ነርቮቹ ግን ገና አልተረጋጉም። ሕመሙን ስትፈሪ የዳሌሽ ጡንቻ ይጨመደዳል፤ ወገብሽን የሚይዝሽም እሱ ይመስለኛል። በምንድን ነው የምትታጠቢው?"

አፈርኩ። "ከሥራ ቦታ በማመጣው ሳሙና። በቀን ሦስቴ። ከዚያ ከፋርማሲ የገዛሁትን ክሬም እቀባለሁ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "በአንሶላው ሳሙና?"

"በውሃ አቅጥኜ ነው" አልኳት፤ ይሻላል ብዬ እኮ ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ በውሃ ብቻ። ክሬሙንም ተዪው፤ እሱም ቆዳሽን ያስቆጣዋል። ጡንቻውን የሚያላላ እንቅስቃሴ የምታሠራሽ ባለሙያ ጋ እልክሻለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ብዙዎች ይሻላቸዋል።"

ሌላም ነገር ብላኛለች፤ አልሰማኋትም። ማንም ካላመጣው፣ ባሌ "አዎ" ብሎ ያመነው ምኑን ነው?

መናኸሪያው ሩቅ አልነበረም። የአውቶቡሱን መስተዋት ሲወለውል አገኘሁት። ሐኪሟ ያለችውን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እጁ መስተዋቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

"ማንም አላመጣውም?" አለ።

"ማንም። ሴትየዋስ? ነበረች ወይስ አልነበረችም?"

"አልነበረችም።"

የአውቶቡሱን በር ያዝኩ። "ታዲያ ምን ነክቶህ ነው ያላደረግከውን አደረግኩ ያልከው?"

"እኔ እንዳልሄድኩ አውቃለሁ" አለ። "ከሁለት አንዳችን ማምጣታችን ግን እውነት መሰለኝ። እኔ አይደለሁም ብል እህቴም ጎረቤቱም ጣቱን አንቺ ላይ ነው የሚቀስረው። ልጃችን እናቷ ስትታማ ከምትሰማ፣ እኔው ልሸከመው አልኩ።"

የሚለው ነገር ቀስ እያለ ነው የገባኝ።

"ያመጣሁት እኔ መስዬህ ነው?"

"አዎ" አለኝ። "ግን ይቅር ብዬሽ ነበር እኮ።"

እሱ ባላጠፋሁት ይቅር ሲለኝ፣ እኔ ባላጠፋው አባርሬዋለሁ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።