የፍየል ቆዳ የተለጠፈበት አኮርዲዮን

አኮርዲዮኑ በአቦይ ጠሃ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በሳሙናና በአሞሌ ጨው መካከል ተቀምጦ ነበር። ቀይ ነው። ሁለት ቁልፎቹ ወልቀው ስለነበር ፊት ለፊት ሲያዩት ጥርሱን የነቀለ ልጅ ይመስል ነበር።

ጊዜው 1940 ዓ.ም. ክረምት፣ ቦታው መቐለ ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት ከአዲስ አበባ የመምህራን ማሰልጠኛ ደብዳቤ ደረሰኝ። መስከረም ሃያ ቀን ሁለት ብርድ ልብስ፣ ካፖርት፣ ጥቁር ጫማና ቁልፍ ያለው ሳጥን ይዤ እንድገኝ ይላል። ያላሟላ ተማሪ እንደማይገባ ከታች ተጽፎ ተሰምሮበታል።

አባቴ አቶ ፈንታሁን የቴሌግራም ጸሐፊ ነበር። ቃል በሳንቲም በሚቆጠርበት ቤት ሲሠራ ስለኖረ እቤትም ብዙ አያወራም። አጎቴ ከደብረ ብርሃን የላከልኝን አርባ ጠገራ ብር በከረጢት ሰጠኝና «ያንቺ ነው። ወስኚ» አለኝ።

እናቴ ምንትዋብ ከጓዳ ሰማችው። «ወስኚ? ልጅቷ ብርድ ልብስ ትገዛለች እንጂ ምን ትወስናለች?»

አባቴ ግን ዓይኔ አኮርዲዮኑ ላይ እንደነበር ያውቃል። የአኮርዲዮኑ ዋጋ ሠላሳ አምስት ብር ነበር።

መጫወት የተማርኩት ከጎረቤታችን ከጣሊያናዊው መካኒክ ነው። የአገሩ ሰዎች ሲወጡ እሱ ጋራዡን ይዞ ቀርቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በረንዳው ላይ አስቀምጦ አስተማረኝ። ወደ አስመራ ሲሄድ ጋራዡን ለአንድ ነጋዴ፣ አኮርዲዮኑን ለአቦይ ጠሃ ሸጦ ሄደ። አቦይ ጠሃ ከወረባቦ በበቅሎ መጥተው መቐለ ከከተሙ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከጨው እስከ ሻማ የማይሸጡት የለም፤ አኮርዲዮን ሲሸጡ ግን የመጀመሪያቸው ነበር።

«አቦይ ጠሃ፣ ትንሽ ልንካው?» አልኳቸው።

«ስትነኪው ሦስት ሳምንትሽ። ሰው አንቺን ሊሰማ ይገባል፣ ሳሙና ሳይገዛ ይወጣል።»

«እንግዲያው ዋጋውን ይቀንሱልኝ።»

«ካልቀነስኩ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ከቀነስኩ እናትሽ ትገድለኛለች።» ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «ስሚኝ ጓለይ፣ ልጄ። ከነገ ወዲያ አሸንዳ ነው። ሁለቱን ቀን ውሰጂውና ተጫወችበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከዓዲግራት ገዢ ይመጣል። ወይ ብሩን ወይ ዕቃውን ይዘሽ ነይ።»

የአኮርዲዮኑን ሆድ አይጥ በልቶት ስለነበር አቦይ ጠሃ አስጠግነውት ነበር። የጠገነው በዚያው ጋራዥ የሚሠራ ደመላሽ የሚባል መካኒክ ነው። ሲከፈት በጀርባው በኩል የምትታይ፣ መዳፍ የምታክል የቆዳ ልጣፊ ነበረችው። ደህና ትመስላለች። ትንሽ ትሸታለች እንጂ።

የአሸንዳ ዕለት ሹሩባችንን ተሠርተን፣ ተኩለን፣ ወገባችን ላይ ረጅሙን ሣር አስረን ወጣን። ከበሮውን የያዘችው ጓደኛዬ ለተኪሮስ ነበረች። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን አይታ ቆመች።

«ዋይ! ይሄ ደግሞ ምንድነው? ከበሮዬን ልታሳፍሪ ነው?»

«ይረዳሻል።»

«እኔ ረዳት ጠይቄአለሁ?»

ግን ስጀምር በከበሮው ተከተለችኝ። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። ሕፃናት በሆዱ መከፈትና መዘጋት ይስቃሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ጥቂት ጊዜ ነው።

የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ስንጀምር አንድ ውሻ ተከተለን። ገበያው ጋ ስንደርስ ሦስት ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ነበሩ። አኮርዲዮኑን ስከፍተው አፍንጫቸውን ያነሳሉ፣ ስዘጋው ያላዝናሉ።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣» አለች ለተኪሮስ፣ «አስተማሪ ልትሆኚ አይደል የምትሄጂው? በነዚህ ጀምሪ።»

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ያዘን። የደረስነው አንድ ዳኛ ግቢ ነበር። እንግዶች በረንዳው ላይ ሞልተዋል። እንዳላፍር ብዬ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ጀመርኩ። ልጣፊዋ ረጥባ ላልታለች፤ እኔ አላወቅኩም። ሆዱን በኃይል ስስበው ከጀርባው አንድ ነገር ተላቀቀና ረጅም፣ የተቆራረጠ ጩኸት ወጣ።

ዳኛው ከበረንዳው አንገታቸውን አሰገጉ። «የማን አህያ ነው የገባው?»

ልጃገረዶቹ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ለተኪሮስ በሳቅ ከበሮዋን ጣለችው። ውሾቹ አብረው ጮኹ። እንግዶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

የማልስቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሰው ዕቃ ሰብሬያለሁ። ዋጋውን ልክፈል ብል አምስት ብር ብቻ ትተርፈኛለች፤ በአምስት ብር ብርድ ልብስም ካፖርትም የለም። ትምህርት ቤቱ ከበሩ ይመልሰኛል። ያን ሌሊት እናቴ ብትጠይቀኝ አሞኛል አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት አኮርዲዮኑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ የብሩን ከረጢት ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ደመላሽ እጁ በግራሶ እንደጠቆረ ሻማ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ዕቃውን ባንኮው ላይ አስቀመጥኩና «አበላሽቼዋለሁ፤ እከፍላለሁ» አልኩ።

ደመላሽ ልጣፊዋን አገላብጦ አየ፣ አሸተታት።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም። የኔ ነው» አለ።

«እንዴት ያንተ?» አሉ አቦይ ጠሃ።

«የጋራዡን ወናፍ የምጠግነው እኔ ነኝ። ይሄንንም እንደዚያው አደረግኩት። የፍየል ቆዳ ወስጄ፣ እንዲለሰልስ በቅቤ አሽቼ...»

«በቅቤ!»

«ወናፍ እሳት አጠገብ ነው የሚኖረው። ዝናብ አያውቅም። ይሄኛው ከቤት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።»

አቦይ ጠሃ ጥምጥማቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ለዚህ ነዋ ውሻ ሁሉ ምእመን የሆነላት!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዕዳ የለብሽም። የዓዲግራቱ ሰውዬም በጠዋት መጥቶ፣ የዳኛውን ቤት ወሬ ሰምቶ ተመልሷል። በሃያ አምስት ውሰጂው፣ ይህ ልጅ በነጻ ይጠግንልሻል።»

«በሸራና በሙጫ አዲስ አደርገዋለሁ» አለ ደመላሽ።

ሃያ አምስት። አሥራ አምስት ብር ይተርፈኛል ማለት ነው። ጫማና አንድ ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ካፖርቱን አባቴ ይለምንልኝ ይሆናል፤ ሳጥኑን እዋሳለሁ። ይህን ሁሉ በልቤ በፍጥነት ሠራሁት። አቦይ ጠሃን ብርድ ልብስ እንዲያወርዱልኝ ጠየቅኳቸው። አወረዱልኝ። አመድማ ነው፣ እጅ ይኮሰኩሳል። አንዱን እጄን እሱ ላይ፣ ሌላውን አኮርዲዮኑ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

አኮርዲዮን ዘንድሮ ባይገዛ ሌላ ጊዜ ይገዛል። ያ በር ግን ዘንድሮ ካልገባሁበት ሁለተኛ አይጠራኝም።

«ብርድ ልብሱን ሁለት ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ብርድ ልብስ አይዘፍንም እኮ» አለ ደመላሽ ቀስ ብሎ።

«አኮርዲዮንም አይለበስም።»

ሦስታችንም ሳቅን። የኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ፤ ፊቴን ወደ ሳሙናው አዞርኩ። ደመላሽ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኘኝ።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ።»

«ሁለት ዓመት» አለ፣ ሊሠራው ያሰበውን ዕቃ የሚለካ ይመስል።

ብርድ ልብሶቹ በጭነት መኪና ከእኔ ጋር ማይጨውንና ደሴን አልፈው አዲስ አበባ ገቡ። አንደኛው ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባም አብሮኝ ነበር።

በ1942 ነሐሴ ወር የመቐለ መምህርት ተብዬ ተመለስኩ። ከኪስ ገንዘቤ ያጠራቀምኩት ጥቂት ብር ነበረኝ። ለማየት ያህል ብዬ ወደ ሱቁ ጎራ አልኩ። አኮርዲዮኑ እዚያው ነው። በሳሙናና በአሞሌው መካከል።

«አልተሸጠም?»

«አትጠይቂኝ!» አሉ አቦይ ጠሃ። «ሰባት ገዢ መጥቶለታል። ገዢ በመጣ ቁጥር ደመላሽን አስጠራለሁ፣ አሳያቸው እላለሁ። እሱ ሲይዘው እንደ አህያ ይጮኻል። ገዢው ሲሄድ ጤነኛ ነው። እኔስ ጠበል ልወስደው ነበር፣ ሃይማኖቴ ባይከለክለኝ!»

ደመላሽ መምጣቴን ሰምቶ ኖሮ በሩ ላይ ቆሟል። ጣሪያውን ያያል።

አኮርዲዮኑን አንስቼ አገላበጥኩት። ሆዱ አዲስ ሸራ ነው፣ ስፌቱ የተዋጣ። በጀርባው ግን ያችው ቁራጭ የፍየል ቆዳ አለች፤ ከሥሯ በአውራ ጣት የምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ። ቀዳዳዋን ሳልነካ ሳብኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

አቦይ ጠሃ እኔን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ቆዳዋን አዩ።

«አንተ ሌባ! ሁለት ዓመት ሱቄን የአህያ ጋጣ አድርገኸው ኖሯል!»

«ገዢው እስኪመጣ ነው» አለ ደመላሽ።

«ሰባት መጡ አይደል እንዴ?»

«ገዢው አልመጣም ነበር።»

አቦይ ጠሃ ባንኮውን በመዳፋቸው መቱና መሳቅ ጀመሩ። «በይ አንቺ፣ በብርድ ልብሱ ዋጋ ውሰጂው! ከነአህያው!»

ከነአህያው ወሰድኩት። ከደመላሽ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርን። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ።

ዘንድሮ በአሸንዳ የልጃገረዶቹ ከበሮ ከሩቅ ሲሰማኝ የአኮርዲዮኑን ሳጥን ከፈትኩት። ቆዳዋ የክረምቱ እርጥበት ገብቷት ለስልሳ ነበር። አንዴ ብቻ ሳብ አደረግኩት። የጎረቤት ውሻ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ አፍንጫውን አነሳ።

«ግባ» አልኩትና ሁለተኛ ሳብኩት።