የሚለበልብ መድኃኒት

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት በልግ ቀረ። ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። በጥቅምት ገብሱ ሊያሸት ሲል ውርጭ መታው። በግ ያለው በጉን ሸጦ እህል ሸመተ፤ የሌለው ወደ ቆላ ወረደ።

ቀየት መንደር የምትኖረው ተሾመች ከውርጭ የተረፈውን ስታጭድ ቅልጥሟን በማጭድ ቆረጠችው። ቁስሉ መግል ይዞ ሸተተ። ባሏ ወልደ አማኑኤል በበቅሎ ጭኖ መሐል ሜዳ ክሊኒክ አደረሳት።

ቁስል አጣቢው ቅጣው ነበር። እሱና ወልደ አማኑኤል ዱሮ ወንፈል ገብተው ተራ በተራ ማሳ ይተራረሱ ነበር፤ ሁለቱም ለተሾመች ሽማግሌ ከላኩ ወዲህ ግን አይነጋገሩም።

ቅጣው ተንበርክኮ እግሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። በውሃ ባቀጠነው አዮዲን መግሉን ጠረገ።

"አመመሽ?"

"እጅህ ቀላል ነው" አለችው።

ወልደ አማኑኤል ሰማ። ደጅ እንደ ወጡ፣ "ሁለተኛ እዚህ አትመጪም" አላት።

"በቁስሌም ትቀናለህ?"

እሱ ግን ከገበያ አንድ ጠርሙስ አዮዲን ገዝቶ፣ ውሃ ሳይጨምር ጧትና ማታ ያፈስባት ጀመር። ሽታው ጠፋ። መድኃኒት የሚሠራው ሲለበልብ ነው ብሎ መጠኑን ጨመረ። ቁስሉ ግን አልገጠመም፤ ከሥር ብቅ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሮ ተቀረፈ። ተሾመች መቆም አቃታት።

"እግሬን አስቆርጠህ ቤት ልታስቀምጠኝ ነው?" አለችው።

መልሶ በቅሎው ላይ ጫናት።

ቅጣው ቁስሉን አይቶ፣ "ምን አደረግህባት?" አለ።

"ሽታውን እኮ አጠፋሁት።"

"አጥፍተሃል። ዓይን የማያየው ተባይ ሞቷል። መድኃኒቱ ግን ተባይና ሥጋ አይለይም፤ ቁስሉን ሊሞላ የመጣውንም ፈጀኸው። አንተ አረሙን ከነቀልህ በኋላ ቡቃያውን ትነቅላለህ?"

"ትቆረጣለች?"

"አጥንቱ አልተነካም። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እጠባት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን። በየሳምንቱ እኔ ልየው።"

"አንተ?"

"ሌላ ሰው የለም። ደግሞ ምን ታፈጣለህ? ማሳህን አርሼልህ የወንፈሌን ቀን እስከ ዛሬ አልመለስህልኝም።"

ተሾመች እያመማት ሳቀች።

በየሳምንቱ አመጣት። ደጃፉ ላይ ቆሞ የቅጣውን እጅ ያያል። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ ቁስሉ ግን ከዳር እየቀላ ሞላ። ተሾመች በእግሯ ገበያ ወጣች።

በየካቲት በልጉ ጣለ። ወልደ አማኑኤል በሬዎቹን ነድቶ የቅጣው እናት ወይዘሮ አልጣሽ ማሳ ላይ ጠመደ።

"ማን ላከህ?" አሉት።

"የልጅዎ ወንፈል አለብኝ።"

እስኪመሽ አረሰላቸው።